ሞተር ብስክሌት ይዞ ወሰን ለሚሻገር ነጋዴ የብልሽት ዋስትና አመራረጥ

በቀድሞው ዘመን የምዕራብ ኢትዮጵያ ንግድ በሲራራ ነጋዴዎች ይካሄድ በነበረ ጊዜ፣ ነጋዴ ብቻውን ለመንገድ አይነሣም ነበር። በቅሎውንና አህያውን ጭኖ፣ ከነጋድራሱ ሥር ተሰልፎ፣ ከብዙ ባልንጀሮች ጋራ ይጓዝ ነበር። በመንገድ ላይ አንዲት አህያ ብታነክስ ሸክሟ ለሌሎቹ ተከፋፍሎ ይጫናል እንጂ ባለቤቷ ከነዕቃው በበረሓ አይቀርም። ይህ ልማድ በወረቀት ያልተጻፈ፣ አረቦን ያልተከፈለበት፣ ነገር ግን እውነተኛ የሆነ የብልሽት ዋስትና ነበር።

ዛሬ በብዙ ስፍራ የጋማ ከብቱን ቦታ ሞተር ብስክሌት ወስዶታል። በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በማንቡክ የሚነግድ ሰው፣ ሰሊጥና ለውዝ ለመግዛት ወደ ገጠር ሲወርድ፣ ዕጣንና ሙጫ ከሚለቀምበት ቆላ ሲደርስ፣ ወይም ዋጋ ለመጠየቅ ወደ ግልገል በለስና ወደ ቻግኒ ሲመላለስ፣ ሞተር ብስክሌት ጊዜውንም ነዳጁንም ይቆጥብለታል። ክረምት ሲበረታና መኪና በጭቃ ሲያዝ፣ ባለሁለት ጎማው ብዙ ጊዜ ያልፋል። ነገር ግን ሞተር ብስክሌት እንደ ሲራራው አህያ ሸክሙን የሚካፈልለት ባልንጀራ የለውም። በቆመበት ስፍራ ባለቤቱም አብሮት ይቆማል።

ጉዞው በአገር ውስጥ እስከ ሆነ ድረስ ችግሩ ይቻላል። ወዳጅ ይጠራል፤ ፒካፕ ወይም አይሱዙ ይለመናል፤ ቋንቋውም ገንዘቡም የራስ ነው። ወሰን ከተሻገረ በኋላ ግን ትንሽ የነበረው ብልሽት ትልቅ ወጪ ይሆናል። ስለዚህም አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር፣ ብዙዎች «ኢንሹራንስ አለኝ» ብለው የሚተማመኑበት ወረቀት በአብዛኛው ለሌላ ሰው ጉዳት ወይም ለአደጋ የተሰጠ እንጂ፣ የተበላሸ ሞተር ወደ ቤት ለማምጣት የተሰጠ አለመሆኑ ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ የማያውቅ ነጋዴ የማያስፈልገውን ገዝቶ የሚያስፈልገውን ሳይገዛ መንገድ ይወጣል።

ብልሽት ሌላ፣ አደጋ ሌላ

በመድን ቋንቋ አደጋ ማለት በድንገት የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ይኸውም እንደ ግጭት፣ እንደ መገልበጥ፣ እንደ እሳትና እንደ ስርቆት ያለው ነው። ብልሽት ግን ከማሽኑ ከራሱ ውስጥ የሚነሣ ነው። ካንዴላ ሲቃጠል፣ የፍሪሲዮን ሽቦ ሲበጠስ፣ ባትሪ ሲደክም፣ ሰንሰለት ሲላላ፣ ሞተሩ በዘይት ማነስ ግሎ ሲቆም፣ እነዚህ ሁሉ ብልሽቶች ናቸው።

መድን ሰጪዎች ሁለቱን የሚለያዩበት ምክንያት አላቸው። አደጋ ሊደርስም ላይደርስም ይችላል፤ ከብዙ ሰዎች በሚሰበሰብ አረቦንም የጥቂቶቹን ጉዳት መካስ ይቻላል። ማርጀትና መበላት ግን ለማንኛውም ማሽን የማይቀር ነገር ነው። የማይቀረውን ነገር መድን ቢያደርጉት፣ አረቦኑ ከጥገናው ዋጋ በላይ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ የተበላ ዕቃ ዋጋ ሁልጊዜ በባለንብረቱ ሒሳብ ላይ ይወድቃል።

እንግዲያው የብልሽት ዋስትና የሚባለው ምንድን ነው ቢባል፣ የሚሸጠው መለዋወጫው ሳይሆን ርዳታው ነው። የሚደርስ መካኒክ፣ ሞተሩን የሚጭን መኪና፣ ባለቤቱ የሚያድርበት ክፍል፣ ወደ አገር መመለሻ ትራንስፖርት፣ እነዚህ የዋስትናው ቁም ነገሮች ናቸው። የካንዴላውንና የሽቦውን ዋጋ ግን ብዙውን ጊዜ ባለንብረቱ ራሱ ይከፍላል። ይህን በግልጽ የተረዳ ገዢ «ዋስትና ገዝቼ ስለምን አስከፈላችሁኝ» በማለት በኋላ አይከራከርም።

የግዴታው መድንና የቢጫው ካርድ ወሰን

በኢትዮጵያ የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 559/2000 ነው፤ ይህም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 799/2005 ተተክቷል። ሦስተኛ ወገን ማለት መድን ሰጪውም መድን ገቢውም ያልሆነ ሌላ ሰው ነው። ሞተር ብስክሌቱ እግረኛ ቢገጭ ወይም የሰው ንብረት ቢያበላሽ ለተጐዳው ይከፈላል። የባለሞተሩን ሞተር ግን ይህ መድን አይጠግንም፤ ሊጠግንም አልታሰበም።

ይኸው የግዴታ መድን ወሰን ሲሻገር ኀይል አይኖረውም። አንዱ አገር የሌላውን አገር ወረቀት እንዲቀበል የሚያደርግ ስምምነት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ይህ የተደረገው አረንጓዴ ካርድ በሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1949 በቀረበ ሐሳብ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1953 ሥራ ጀመረ። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካም ዛሬ ኮሜሳ የሚባለው ማኅበር ቀዳሚ በነበረው የንግድ ቀጠና አማካይነት፣ በ1979 ዓ.ም. ስለ ቢጫ ካርድ የሚናገረው ስምምነት በአዲስ አበባ ተፈርሟል። ሱዳን፣ ጅቡቲና ኬንያ በሥርዓቱ ከተሳተፉት አገሮች ውስጥ ናቸው። በኢትዮጵያ በኩል የሥርዓቱ ብሔራዊ ቢሮ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ነው።

የቢጫው ካርድ ጥቅም ታላቅ ነው። ካርዱን የያዘ ሰው በሚሻገርበት አገር ሌላ የሦስተኛ ወገን መድን ለመግዛት አይገደድም፤ አደጋ ቢያደርስም ጉዳዩ በዚያው አገር ቢሮ በኩል፣ በዚያው አገር ሕግ ይታያል። ካርዱ አደጋ ለደረሰበት ተሽከርካሪ ነጂና ተሳፋሪዎችም ለሕክምና ወጪ ይረዳል። ነገር ግን ወሰኑ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በገበያ መካከል ሰው ቢገጭ ካርዱ ይናገራል፤ ሞተሩ በዚያው ገበያ መካከል ተበላሽቶ ቢቆም ግን ካርዱ ዝም ይላል። ቢጫ ካርድን የብልሽት ዋስትና አድርጎ መቍጠር ከሁሉ የበለጠ የተለመደው ስሕተት ይህ ነው።

ሙሉ ሽፋን ሙሉ የማይሆንበት

ከግዴታው መድን በላይ ሙሉ ሽፋን የሚባለውን የሚገዙ ነጋዴዎች አሉ። ይህ ውል የራስን ሞተር ከግጭት፣ ከእሳትና ከስርቆት ጉዳት ይጠብቃል። ስሙ «ሙሉ» ቢሆንም ግን በውሉ ውስጥ የማይሸፈኑ ነገሮች ተዘርዝረዋል። እርጅና፣ መበላት፣ የሜካኒክና የኤሌክትሪክ ብልሽት በተለመዱት የተሽከርካሪ ውሎች ከሽፋን ውጭ ናቸው። የጎማ ጉዳትም ሞተሩ ራሱ በዚያው ጊዜ ካልተጐዳ በቀር በብዙ ውሎች አይከፈልም።

ተሽከርካሪውን ወደ ጋራዥ ለማስጐተት የሚከፈል ገንዘብ በአንዳንድ ውሎች ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን ቃሉን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ይህ ክፍያ የሚሰጠው ከአደጋ በኋላ እንደ ሆነ ያስተውላል። ሞተሩ ተገልብጦ ቢሰበር ይጫናል፤ ሳይገለበጥ ተበላሽቶ ቢቆም አይጫንም።

ሌላው ነገር የአገር ወሰን ነው። በውሉ ወይም ከውሉ ጋራ በሚያያዘው ሠንጠረዥ ላይ ሽፋኑ የሚሠራበት ምድር ይጻፋል። ኢትዮጵያ ብቻ ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ከወሰኑ ማዶ የደረሰው ጉዳት በሙሉ ሽፋንም ቢሆን አይከፈልም። የሽፋኑን ምድር ለማስፋት ከጉዞው በፊት ጠይቆ፣ ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ፣ ማሻሻያውን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። በቃል የተነገረ ተስፋ በኬላ ላይ አያሻግርም።

በባሕር ማዶ የተለመደው የብልሽት ዋስትና

የመንገድ ርዳታ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ከሞተር ብስክሌት ጋራ የተያያዘ ነው። ዛሬ በጀርመን አገር በመንገድ ርዳታው የታወቀው ትልቁ የባለተሽከርካሪዎች ማኅበር አዳክ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 በሽቱትጋርት ከተማ ሲመሠረት የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ማኅበር ነበር፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመው የባለመኪናዎች ማኅበር የመንገድ ጠባቂዎቹን መጀመሪያ በብስክሌት፣ በኋላም ጎን ጋሪ በተቀጠለበት ሞተር ብስክሌት ያሰማራ ነበር። አባሉ የዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ በመንገድ ላይ ሲቸገር ማኅበሩ ይደርስለታል። በመሠረቱ ይህ የሲራራው ልማድ በደብተር ተጽፎ የቀረበ ነው።

በአውሮፓ የሚሸጠው የውጭ አገር ጉዞ የብልሽት ዋስትና በአራት ክፍል ይታያል። አንደኛው በቆሙበት ስፍራ ጠግኖ ማስነሣት ነው። ሁለተኛው በስፍራው ሊጠገን ያልቻለውን ወደ ጋራዥ መውሰድ ነው። ሦስተኛው ሞተሩ እስኪጠገን ድረስ ለነጂው ማደሪያ ወይም ሌላ መጓጓዣ መስጠት ነው። አራተኛው ሞተሩ በውጭ አገር ሊጠገን ያልቻለ እንደ ሆነ ወደ አገሩ መመለስ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አራተኛው ከባዱ ነው፤ ብዙ ገዢዎችም የሚታለሉበት ይኸው ነው። በብዙ ውሎች ላይ ማስመለሻው ከሞተሩ የገበያ ዋጋ የሚበልጥ እንደ ሆነ ሰጪው ሞተሩን ለመመለስ አይገደድም የሚል ቃል ይገኛል። አንድ ያረጀ ሞተር ብስክሌት ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ የመንገዱ ርቀት ግን በሞተሩ ማርጀት አያጥርም። ስለዚህ ከአዲሱ ይልቅ ብልሽት የሚበዛበት አሮጌው ሞተር፣ ከዚህ ዋስትና የሚያገኘው ጥቅም ያነሰ ነው።

ለባለሁለት ጎማው የተለየ ነገርም አለ። የተበላሸ መኪና በገመድ ሊጐተት ይችላል፤ ሞተር ብስክሌትን ግን በገመድ መጐተት ለነጂው ሕይወት አደጋ ስለ ሆነ፣ በፒካፕ ወይም በጭነት መኪና ላይ ቆሞ መታሰር ይኖርበታል። መኪና ትርፍ ጎማ ይይዛል፤ ሞተር ብስክሌት አይዝም። የጎማ ርዳታ ትርፍ ጎማ ለያዘ ብቻ ነው የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ካለ፣ ለባለሞተሩ ያ ሽፋን በስም እንጂ በተግባር የለም።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

የብልሽት ዋስትና የሚሸጥ መድን ሰጪ ወይም ወኪል ያገኘ ነጋዴ፣ አረቦኑ ስንት ነው ከማለቱ በፊት የሚከተሉትን ነገሮች ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባዋል።

አንደኛ፣ ዋስትናው የሚሠራው በየትኛው አገር ነው? የአገሩ ስም ተለይቶ ይጻፍ። «ጎረቤት አገሮች» የሚል ቃል በክርክር ጊዜ ለሁለት ትርጕም ይመቻል።

ሁለተኛ፣ ባለሁለት ጎማን ይጨምራል ወይ? የሞተሩ ዕድሜ፣ የሞተሩ ጕልበትና የጉዞው ቀን ብዛት ገደብ አለባቸው ወይ? ለአጭር ጉዞ የተሰጠ ዋስትና ነጋዴው ዕቃ እስኪሰበሰብለት ድረስ በቆየበት ጊዜ መካከል ሊያልቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ለምን ሥራ ነው የተመዘገበው? ለግል ጉዞ ተብሎ መድን የተገባለት ሞተር በክፍያ ሰው ሲያሳፍር ወይም ከልኩ በላይ ጭነት ሲይዝ ቢገኝ፣ ሰጪው ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። መድን ገቢው ውሉ ሲደረግ የሚያውቀውን እውነት እንዲገልጽ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ታዝዟል፤ የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአብዛኛው ሲታደስም ስለ መድን የሚናገረው ክፍል በነበረበት ጸንቷል። የሞተሩን ሥራ መደበቅ አረቦን ያሳንስ ይመስላል፤ በችግር ቀን ግን ውሉን ራሱን ያፈርሳል።

አራተኛ፣ ሞተሩ ተጭኖ የሚሄደው ወዴት ነው? «ቅርብ ወደ ሆነ ጋራዥ» የሚል ውልና «ባለንብረቱ ወደ መረጠው ጋራዥ» የሚል ውል እጅግ ይለያያሉ። በጠረፍ ከተማ ቅርቡ ጋራዥ መለዋወጫ የሌለው ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ በአንድ ጊዜና በዓመት የሚከፈለው የገንዘብ ጣሪያ ስንት ነው? አገልግሎቱስ በዓመት ስንት ጊዜ ነው?

ስድስተኛ፣ መጀመሪያ ከኪሱ የሚከፍለው ማን ነው? ሰጪው በስፍራው ራሱ የሚከፍል እንደ ሆነ መልካም ነው። ነጋዴው ከፍሎ በኋላ በደረሰኝ የሚተካለት እንደ ሆነ ግን፣ በውጭ አገር ገንዘብ የከፈለውን በምን ምንዛሪ እንደሚመልሱለት ማወቅ አለበት። የኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ በከፈለበት ቀንና በተተካለት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሰባተኛ፣ የሞተሩ ዋጋ በውሉ ላይ ስንት ተብሎ ተጽፏል? ከዚያ የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገመተ ዋጋ ዛሬ ሞተሩን ላይተካ ይችላል። በውሉ ውስጥ የመጠን ደንብ ካለ ደግሞ፣ 200 ሺህ ብር የሚያወጣውን ሞተር በ100 ሺህ ብር ያስመዘገበ ሰው በደረሰው ጉዳት ልክ ሳይሆን በግማሹ ብቻ ይካሳል። ይህ ጥያቄ ለብልሽት ዋስትናውም ለሙሉ ሽፋኑም እኩል የሚያገለግል ነው።

ስምንተኛ፣ በችግር ጊዜ የሚደወልበት ስልክ ከወሰኑ ማዶ ይሠራል ወይ? በሌሊትስ የሚመልስ ሰው አለ ወይ? የሚመልሰውስ በምን ቋንቋ ነው? ከዋስትና ሁሉ ከንቱው ዋስትና የማይነሣ ስልክ ነው።

ስለ ጉምሩክና ስለ ጦርነት

ሁለት ነገሮች በማንኛውም የብልሽት ዋስትና ውስጥ ቢፈለጉ በቀላሉ አይገኙም።

የመጀመሪያው የጉምሩክ ነገር ነው። ወሰን የሚሻገር ተሽከርካሪ ለጊዜው የገባ ነው ተብሎ ያለ ቀረጥ ይፈቀድለታል፤ በተወሰነለት ቀን ካልወጣ ግን በዚያ አገር እንደ ቀረ ዕቃ ተቈጥሮ ቀረጥ ይጠየቅበታል። ካርኔ የሚባለው የጉምሩክ መተላለፊያ ደብተርም በባለተሽከርካሪ ማኅበራት ዋስትና የሚሰጠው ስለዚሁ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ተበላሽቶ በማዶ ጋራዥ የቀረ ነጋዴ፣ «አርጅቷል፤ ይቅር» ብሎ ትቶት ቢመለስ፣ ሞተሩን ከማጣቱ በላይ የቀረጥ ዕዳ ሊከተለው ይችላል። መፍትሔው ቀኑ ሳያልፍ የብልሽቱን ማስረጃ ከጋራዡ በጽሑፍ ተቀብሎ ለዚያው አገር ጉምሩክ ማመልከትና የቀን ማራዘሚያ መጠየቅ ነው። ሊብሬው፣ የመንጃ ፈቃዱና የመግቢያው ወረቀት ከሞተሩ ጋራ በጋራዥ መተው የለባቸውም፤ ከባለቤቱ ኪስ አይለዩ።

ሁለተኛው የጦርነትና የሁከት ነገር ነው። የተለመዱ የተሽከርካሪ መድን ውሎች በጦርነትና በሕዝባዊ ሁከት ምክንያት የሚደርሰውን ጉዳት አይሸፍኑም። ይህ ለመተከልና ለአሶሳ ነጋዴ የወረቀት ነገር ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን የጸጥታው ነገር ከብዶ ኮማንድ ፖስት ተቋቁሞ ነበር። በሱዳንም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቶ ሚሊዮኖችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ተበላሽቶ የቆመ ሞተርን ለማንሣት የሚደፍር የርዳታ መኪና አይገኝም፤ ቢገኝም ሰጪው ለመላክ አይገደድም። ስለዚህ የመንገዱንና የመሻገሪያውን ጸጥታ ከአካባቢው ባለሥልጣንና ከጉምሩክ ጣቢያ በጉዞው ዋዜማ መጠየቅ ከማንኛውም ዋስትና የሚቀድም ነው። መንገዱ አስተማማኝ ያልሆነ እንደ ሆነ፣ የተሻለው ዋስትና ጉዞውን ማስተላለፍ ነው።

ዋጋውን ከጥቅሙ ጋራ ማመዛዘን

አረቦን ከሽፋን ጋራ የሚመዘነው በስሌት ነው። የሚከተለው ለማስረዳት ብቻ የቀረበ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንድ ነጋዴ ሞተሩ ከወሰን ማዶ ቢበላሽ ለማስጫኛ 40 ሺህ ብር፣ ለማደሪያና ለመመለሻ 10 ሺህ ብር፣ በጠቅላላው 50 ሺህ ብር ያስፈልገዋል እንበል። የቀረበለት ዋስትና በዓመት 8 ሺህ ብር አረቦን የሚጠይቅና እስከ 20 ሺህ ብር ብቻ የሚከፍል ቢሆን፣ በችግር ቀን 30 ሺህ ብር ከኪሱ መጨመሩ አይቀርም። እንግዲህ በ8 ሺህ ብር የገዛው የ50 ሺህ ብር ዕረፍት ሳይሆን የ20 ሺህ ብር ርዳታ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሻገር ሰው ይህን ላይመርጥ ይችላል፤ በየወሩ የሚሻገር ግን ሊጠቅመው ይችላል። ሁለቱም ግን 30 ሺህውን ብር ከየት እንደሚያመጡ አስቀድመው ማሰብ አለባቸው።

ዋስትናው በማይገኝበት ስፍራ

በጠረፍ አገር ለባለሁለት ጎማ የተዘጋጀ የውጭ አገር የብልሽት ዋስትና የሚሸጥ ሰው ያላገኘ ነጋዴ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ዋስትናው የሚሰጣቸውን አራት ነገሮች አንድ በአንድ በራሱ ሊያዘጋጅ ይችላልና።

ስለ መጀመሪያው፣ በስፍራው ለመጠገን፣ ከጉዞው በፊት ሞተሩን በታወቀ መካኒክ ማስመርመር፣ ኦሊዮውን መለወጥ፣ ሰንሰለቱንና ፍሬኑን ማስተካከል ይገባል። ትርፍ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ ካላማዳሪ፣ የጎማ መለጠፊያና ትንሽ ፓምፕ ተይዞ መጓዝ አለበት። በመንገድ ላይ የሚቆሙት ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በእነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ማጣት ነው። ሞተር ሲገዛም በወሰኑ በሁለቱም ወገን መለዋወጫው የሚገኝለትን ዓይነት መምረጥ ከዋስትና ሁሉ የቀደመ ዋስትና ነው፤ አስመጪዎችም ይህን ለገዢዎቻቸው ቢገልጹ ደምበኛ ያተርፋሉ።

ስለ ሁለተኛው፣ ለማስጫን፣ በመንገዱ ላይ ባሉ ከተሞች ጋራዥና ጎሚስታ ያላቸውን ሰዎች፣ እንዲሁም ባዶ የሚመለሱ የጭነት መኪና ባለቤቶችን አስቀድሞ ማወቅና ስልካቸውን በወረቀት ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። የእጅ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ የተጻፈ ወረቀት አያልቅም።

ስለ ሦስተኛውና ስለ አራተኛው፣ ለማደሪያና ለመመለሻ፣ ከሱቁ የዕለት ሽያጭ ጋራ የማይደባለቅ የመጠባበቂያ ገንዘብ ሊኖር ይገባል። ለዕቃ መግዣ የተያዘው ገንዘብ በመንገድ ላይ ለጥገና ከዋለ፣ የተበላሸው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ንግዱም አብሮ ተበላሽቷል።

ይህን መጠባበቂያ አንድ ሰው ብቻውን ለማስቀመጥ ቢከብደው፣ በአንድ ከተማ ያሉ ባለሞተር ነጋዴዎች ተሰብስበው እንደ ዕድር መዋጮ ቢያደርጉ ይችላሉ። ሰሊጥ ገዢው፣ ባለሱቁ፣ ጨርቅ ሻጩ በየወሩ የታወቀ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ ከመካከላቸው በመንገድ የቀረ ቢኖር የማስጫኛው ወጪ ከሣጥኑ ይከፈልለታል። ደንቡ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ለምን እንደሚከፈል፣ እስከ ስንት እንደሚከፈል፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝና ማን እንደሚቈጣጠር ተለይቶ ይጻፍ። ይህ ግን በአባላት መካከል ብቻ የሚቈይ መረዳዳት መሆን ይገባዋል። ለማንም ሰው አረቦን እየተቀበሉ ዋስትና መሸጥ በአዋጅ ቍጥር 746/2004 መሠረት ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚያስፈልገው የመድን ሥራ ነውና፣ መዋጮው ወደዚያ እንዳይሻገር መጠንቀቅ ያሻል።

በአጭሩ ለማጠቃለል፣ የሦስተኛ ወገን መድንና የቢጫ ካርድ ሕጉ የሚጠይቃቸው፣ የሌላውን ሰው መብት የሚጠብቁ ናቸው፤ ያለ እነርሱ ወሰን መሻገር አይገባም። ሙሉ ሽፋን ምድሩ ከተስፋፋለት የራስን ሞተር ከአደጋ ይጠብቃል። የተበላሸውን የሚያነሣ ግን በስሙ የብልሽት ዋስትና ተብሎ የተገዛ ውል ወይም በራስ የተዘጋጀ መጠባበቂያ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከማንቡክም ሆነ ከአሶሳ ተነሥቶ ወሰን የሚሻገር ነጋዴ ውሉን የሚያነብበው በሱቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ እንጂ በማዶው መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ መሆን የለበትም።